ለእንግዳ የተቀመጠ ውኃ

ግንቦት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጓድ ዓምደ ሚካኤል
የጥድ ሜዳ ገበሬ ማኅበር የጤና ኮሚቴ ሊቀ መንበር
የካ፣ እንጦጦ ተራራ ሥር

ጉዳዩ፦ የስድስት ወሩን የጤና ሪፖርት ስለማመስገንና አንድ ቁልፍ ስለመለመን

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ሐሙስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የተለጠፈው ሪፖርት ጤና የተሟላ እንዲሆን ምኞቴ ነው። ከሦስቱ ሪፖርቱ እጅግ ደኅና መሆኑን በዐይኔ አይቻለሁ።

ለእርስዎ ጎረቤትዎ ስለሆንኩ መተዋወቅ አያሻንም። ለሌላው አንባቢ ግን ስሜ ሣህሌ ፀሐዬ መሆኑን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ማስተማሬን፣ በሪፖርቱ ላይ ያለውን ባለቀይ መስመር ግራፍ በማስመሪያ ያሰመርኩትም እኔው መሆኔን መግለጽ ይገባኛል። ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ ስጠራ፣ የሚፈለግብኝ ቁጥሮቹን ማሳመር እንጂ መመርመር እንዳልሆነ በትሕትና ስለተነገረኝ አሳምሬአቸዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ለምዘረዝረው ሁሉ ምስጋና ሲከፋፈል የእኔም ድርሻ እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

ሪፖርቱ ማኅበራችን በአራቱ የጤና ቅድሚያዎች ሁሉ ከዕቅድ በላይ መሥራቱን ያበሥራል። አንድ በአንድ እንዳመሰግን ይፈቀድልኝ።

፩. «ንጹሕ ውኃ ያገኙ ቤተሰቦች፦ 312» ይላል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ምንጫችን ውስጥ ገብቶ አራት ሕፃናት በተቅማጥ እንደቀበርን ያስታውሳሉ፤ ቀብሩ ላይ ነበሩና። ይህ እንዳይደገም ተብሎ ድንጋዩን በትከሻችን አመላልሰን፣ ምንጩ በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ በሽቦ ታጥሮ፣ በታኅሣሥ ወር ቦኖ ተተክሎለታል። ሥራው ጠንካራ ነው፤ ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን ሪባን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ ስላልመጡ ቦኖው እስከ ዛሬ በጓጉንቸር እንደተቆለፈ ነው። መጀመሪያ ለየካቲት ተባለ፤ ቀጥሎ ለሠራተኞች ቀን ተባለ፤ አሁን ደግሞ ዝናብ ከጣለ የእንግዳው መኪና ከካራ ወዲህ ያለውን ጭቃ ስለማይወጣ ምረቃው ወደ ጥቅምት መተላለፉ ተነግሮናል። ለመኪናው ስለተደረገው ጥንቃቄ እናመሰግናለን።

ምንጭ ግን የስብሰባ ቀጠሮ አያከብርም። በቦኖው እንዳይወጣ የተከለከለው ውኃ በማስተንፈሻው ቱቦ በመሬት ውስጥ ሄዶ ከከብቶች ማጠጫው ኩሬ ይወጣል። ከብቶች እዚያ ይጠጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ሌላም ያደርጋሉ፤ ከኩሬው በታች ደግሞ ሴቶቻችን በጀሪካን ይቀዳሉ። በመሆኑም ለሪፖርቱ አንዲት እርማት ላቀርብ እገደዳለሁ፦ ሦስት ጧት ኩሬው ዳር ቆሜ እንደቆጠርኩት፣ ንጹሕ ውኃ ያገኙት 312 ቤተሰቦች ሳይሆኑ 94 ከብቶች፣ 61 በጎችና አንዲት አህያ ናቸው። ግራፉ እነሱን ይመለከታል ከተባለ ትክክል ነው፤ ቀዩን መስመር አልነካውም።

የሠለጠኑት አዋላጃችን ወይዘሮ ጂቱ በሚያዝያው ስብሰባ ተነሥተው፣ ላሚቱ ከእሳቸው ቀድማ የምትጠጣው፣ ወተት ስለምትሰጥ እንደሆነ ይነገረኝ ማለታቸውን ቃለ ጉባኤው አልያዘውም። እርስዎም በትዕግሥት «እማማ ጂቱ፣ ሪባኑ እስኪቆረጥ ድረስ እኮ ገና ውኃ አይባልም» ብለው መለሱላቸው። «ታዲያ ምን ይባላል?» ቢሉ፣ «ፕሮጀክት» አሏቸው። እኔ ውኃ ከሁለት ጋዞች እንደሚሠራ ለሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር ሪባን የሚባል ሦስተኛ ነገር እንዳለበት ባለማወቄ የቀድሞ ተማሪዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. «የተቆፈሩ መጸዳጃ ቤቶች፦ 180»። ጉድጓዶቹ በእርግጥ ተቆፍረዋል፤ ሁለቱን እኔ ቆፍሬአለሁ። ግን ጉድጓድ ላይ የሚረበረብ አጣና ያስፈልጋል፤ በየደጃችን ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ የመንግሥት ደን ስለሆነ አንድ እንጨት የቆረጠ ይታሠራል። ፈቃድ እንዲሰጠን በኅዳር የጻፍነው ማመልከቻ መልሱን ይጠብቃል። እስከዚያው በጉድጓዶቹ የተጠቀመች በስም የምትታወቅ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የአቶ ቀጀላ ጊደር ስትሆን፣ በመጋቢት ገብታ በስምንት ሰው ጉልበት ወጥታለች።

፫. «የተቅማጥ ሕመምተኞች ቁጥር ከጥር ወዲህ ወደ ዜሮ ወርዷል»። ወርዷል። ሕመምተኞችን ይመዘግብ የነበረው የጤና ወኪላችን አብዱልናስር በጥር ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ መዝገቡን የከፈተ ሰው የለም። በዚሁ ዘዴ ብንቀጥል እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሞትንም እናጠፋለን።

፬. «ለእናቶች የወሊድ አገልግሎት ተሟልቷል»። ወይዘሮ ጂቱ ሦስት ሳምንት ሠልጥነው ሲመለሱ ሳሙና፣ ምላጭ፣ የእትብት ክርና ንጹሕ ጨርቅ የያዘ ሣጥን ተሰጥቷቸው ነበር። ሣጥኑ በምረቃው ቀን በዐውደ ርዕይ ስለሚቀርብ እርስዎ ቢሮ ካለው ቁም ሣጥን ገብቶ ተቆልፎበታል። ሚያዝያ 28 ቀን የልጃቸው የሎሚ ምጥ ሲጀምር፣ ሣጥኑን ለአንድ ቀን ብለው ደጅዎ ቆመው ለመኑ። ፎቶግራፍ ሳይነሣ እንደማይወጣ በጨዋነት አስረዷቸው። ወይዘሮ ጂቱም ወሰን ሰፈር ድረስ በእግራቸው ሲወርዱ፣ ባለ ሱቁ ሸሪፍ ምላጭና ሳሙና ሰጣቸው፤ ዋጋ ሊከፍሉት ቢሉ «እናቴ፣ ይልቅ ይሩጡ» ብሎ አባረራቸው። ሸሪፍ የኮሚቴው አባል አይደለም፤ ስለዚህ በሪፖርቱ አልተጠቀሰም። ልጁ በሰላም ተወልዷል፤ እሱ ግን ተጠቅሷል፣ አገልግሎት ካገኙት ውስጥ።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ እርስዎን ክፉ ሰው ነዎት አልልም። እንዲያውም ነገሩን አገላብጬ ሳየው የሠሩት በእናቶቻችን ሥርዐት ነው። በየቤታችን ቡፌ አለ፤ በቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ሳህንና ብርጭቆ አለ፤ እኛ ልጆች በቆርቆሮ ኩባያ ስንጠጣ ያደግነው ያን ብርጭቆ በመስታወት እያየን ነው። በዚህ ማንም አልሞተም። እርስዎ ግን ምንጩን ቡፌ ውስጥ ከተቱት። የእትብት ክሩን ቡፌ ውስጥ ከተቱት። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፤ ነገር ግን እንግዳው በጥቅምት ሲመጡ ባለቤቶቹን በቦታቸው ማግኘት ይፈልጋሉ ብዬ እገምታለሁ።

ባለፈው ክረምት ከቀበርናቸው አራቱ አንዷ ሣራ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የሎሚ የመጀመሪያ ልጅ ናት። በሚያዝያ የተወለደው ወንድሟ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ሰኔ ሊገባ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም፤ ተራራው ላይ የሚጥለው ዝናብ የከብቱን አዛባ ሁሉ ጠርጎ ያንኑ ኩሬ ይሞላዋል፤ የሕፃኑ ልብስ የሚታጠበው፣ እናቱ የምትጠጣው ከዚያ ነው። በዚህ አንቀጽ የምቀልደው ስላጣሁ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ስለዚህ የምለምነው ግራፍ እንዲታረም አይደለም፤ ወቀሳም፣ ሽልማትም አልፈልግም። እስከ ሰኔ 1 ቀን ድረስ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ለወይዘሮ ጂቱ ይሰጥልን። እኛም በበኩላችን በጥቅምት፣ እንግዳው ሲመጡ፣ ቦኖውን መልሰን ቆልፈን፣ ዙሪያውን አድርቀን፣ ውኃ ዐይተን እንደማናውቅ ሆነን ሪባኑ ሲቆረጥ በእልልታ እንደምንደነግጥ በፊርማችን እናረጋግጣለን። ፈራሚዎቹ 207 አባወራዎችና እማወራዎች ናቸው፤ ዝርዝሩ በሁለት ገጽ ተያይዟል፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

ለእርስዎና ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ በኪስዎ ላለው ቁልፍ ግን አጭር ቆይታ እየተመኘሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣

አክባሪዎና ግራፍ ሠሪዎ
ሣህሌ ፀሐዬ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ (ከግራፉ ጎን እንዲለጠፍ)
ለወይዘሮ ጂቱ (በመሠረተ ትምህርት ስለተመረቁ አንባቢ አያስፈልጋቸውም)

ማስታወሻ፦ ምናልባት ቁልፉ እስከ ጥቅምት ካልተገኘ፣ በምረቃው ቀን ለክብር እንግዳው መጠጥ የማቅረቡን ኃላፊነት እኔ ወስጃለሁ። ከቡፌያችን አንድ ጊዜ እንኳ አፍ ያልነካው የእናቴ ብርጭቆ ይወጣል፤ በነጭ ጨርቅ ይወለወላል፤ ቦኖው ገና ስላልተመረቀ ውኃውን ሎሚ ሁልጊዜ ከምትቀዳበት ቦታ ራሷ ቀድታ ታመጣለች። እርስዎም ከእንግዳው ጎን ስለሚቀመጡ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ለእርስዎ አስቀምጬልዎታለሁ።