ጫፉስ ምን ይሆናል?

አዳማ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.

ይድረስ አቦምሳ ለሚገኙት ለውድ እናቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን የሚያምዎ ነገር ተሻለዎ? እህቶቼ ዘሃራና ፋዲላስ? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳልልክ የቀረሁት አኩርፌ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አባቴ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርስዎ «አንተ እዚህ ካለህ ታናናሾችህ ሰው አይሆኑም» ብለው ከቤት አስወጡኝ። እኔ አርሼ፣ እኔ ሸጬ፣ እኔው ተቆጥቼ ያሳደግኋቸው መስሎኝ ነበር። ያን ዕለት የቆሰለው ልቤ ሳይሽር ቆየ።

እዚህ የምሠራው አዋሽ ዳር፣ ከአንድ ግሪክ የብርቱካን አትክልት ቦታ ነው። አለቃችን ወዬሳ ችግኙ ደረት ሲደርስ ጫፉን ቁረጡ ይለናል። እኔ አንዷ አሳዘነችኝና ደብቄ ተውኳት። እሷም ቁመቷ ብቻ ተመዘዘ፤ ቅርንጫፍ የላት፣ ጥላ የላት። ወዬሳ ሲያገኛት ሳቀብኝ፤ ጫፉ እያለ የጎኑ ቡቃያ ተኝቶ ይቀራል አለና በአባቴ ካራ በገዛ እጄ አስቆረጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ከተቆረጠው በታች በሦስት ቦታ አቆጠቆጠች። ቆጠርኩና ተናደድኩ፤ ሦስቱ ታናናሾቼ ጂብሪል፣ ዘሃራ፣ ፋዲላ ሆኑብኝ።

ባለፈው ወር ጂብሪል እህል ጭኖ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጣ። እኔ ፊት ቀና ብሎ የማያወራው ልጅ ከነጋዴዎች ጋር ሲከራከር ዳር ቆሜ ሰማሁት። ዘሃራ ደግ ባል እንዳገኘች፣ ፋዲላም ቤቱን በሙሉ እንደያዘችውና እንደታጨች ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። እውነትዎን ነበር፣ እናቴ። እኔ ቂሜን ትቻለሁ፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ወዬሳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ የተቆረጠው ጫፍስ ምን ይሆናል? እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ የለም፣ ለፍየል እንሰጠዋለን አለኝ። እኔ ግን የዚያችን ጫፍ በጣሳ አፈር ተክዬ ጠዋት ማታ አጠጣኋት። ለምለም ሆና ሰነበተች፤ ያዘች ብዬ ነበር። ሳወጣት ሥር አልነበራትም።

ጂብሪል «ወንድሜን ደህና ሆኖ አገኘሁት» ብሎዎት ይሆናል፤ በኋላ እንዳይቆጡት። እሱ የመጣ ዕለት የያዘኝ የወባ ንዳድ ፋታ ሰጥቶኝ ስለነበር ታጥቤ፣ አዲስ ልብሴን ለብሼ ጠበቅኩት። ከላይ ደህና ነኝ ያልኩትም የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው። ይህን የሚጽፍልኝ የአትክልቱ ቦታ ጸሐፊ ገሠሠ ነው፤ የእኔ እጅ ብዕር መያዝ ትቷል።

የአባቴን ካራ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፤ ጂብሪል ይያዘው። ለፋዲላ ሠርግ እኔን ብላችሁ ቀን አታራዝሙ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ በሦስቱም ልጆችዎ ጥላ ሥር ያሳርፍዎ።

የመጀመሪያ ልጅዎ