የደረቀው ዘር

ይድረስ ለናፍቆቴ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። መስኮቱ ሥር ያለው አንቱሪየም አበባ ዘንድሮ ፍሬ ያዘ። አባባ ዘሩን አጥበው እንደ ሽንብራ ፀሐይ ላይ አሰጡት። «ይሄ ዘር ከደረቀ ሞተ፤ በእርጥቡ ዝሩት» እያሉ በቁንጥጫ ያሳደጉን እሳቸው! ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ዘርተውት ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከፍተው ያዩታል። አንጀቴን ቢበሉኝ ከአበባ ሻጩ ቡቃያ ገዝቼ ተደብቄ ተከልኩበት።

ትናንት ሲያዩት ፊታቸው በራ። «ሴት ልጄ ስትመጣ አሳያታለሁ» አሉኝ።

«እሺ አባባ» ብዬ ክዳኑን ገጠምኩት።

የዓመት ፈቃድህን ለከርሞ አታሳድረው። ስትመጣ በሩ ላይ ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር፤ ጆሯቸው ትንሽ ሳይከብድ አልቀረም።

በደህና ያገናኘን።

ከእኔ ሌላ እህት የሌለህ፣ እህትህ