ሁለት ጫፉ የተቆለመመ ቱቦ

ሚያዝያ 6፣ 78 ዓ.ም. ጠዋት 2፡30

የአባንግ ሽንት ዛሬም ቀይ ነው። ስጠይቃት ቱቦው እየሠራ ነው አለችኝ። እየሠራ! የባሌ እህት ባትሆን ፊት ለፊት እስቅባት ነበር። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ እስቃለሁ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል የሰጡንን የእንግሊዝኛ ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ እንደገና አነበብኩ። ከኩላሊቷ እስከ ፊኛዋ የገባው ቱቦ በሦስት ወር ይውጣ ይላል። ስድስተኛ ወራችን ነው። የውጭ አገሩ ዶክተር ያኔ አሳይቶናል፤ ቀጭን፣ ልስልስ፣ ሁለቱም ጫፍ እንደ ዓሣ መንጠቆ የተቆለመመ። ዱሮ ቀጥ ያለ ነበር አሉ፤ እየሾለከ ይወርዳል። አንድ ብልህ ሰው ጫፎቹን ቆለመማቸውና መሾለኩ ቀረ። ያ ሰው ጋምቤላ መጥቶ ብልሃቱን ምን እንዳደረግነው ቢያይ! ቱቦው ሲቆይ ጨው ይጋገርበታል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ኩላሊቱን ይዘጋል። የሆስፒታሉ ነርስ በአማርኛ፣ እኔ በአኝዋክኛ ሁለቴ ነግረናታል።

ሚያዝያ 8

ቀበሌ ሄድኩ፣ ወደ አዲስ አበባ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅላት። ያለሱ ኬላ አያሳልፉም። ሊ/መንበሩ ከወረቀቱ ላይ ማኅተሙን ብቻ አየ። ሕክምናው ተሳክቷል ብላችሁ አልነበረም ወይ አለኝ። ታማ ከሆነ ራሷ መጥታ ታመምኩ ትበል።

“ጓዲት አሪየት፣ የዳነ ሰው አናመላልስም።”

ይህን ሁሉ ጥበብ ያች አንድ ወንበር እንዴት ቻለችው።

ሚያዝያ 9

አባንግ ቀበሌ አልሄድም አለች። ምስክርነት ሰጥታለቻ። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ነው የምንሰበሰበው፤ ከአዲስ አበባ በተመለስን ሰሞን ኒውላንድ ሠፈር የጉባኤያችን ሽማግሌ ቤት ቆማ ጌታ ፈወሰኝ አለች፣ ተዘመረ። አሁን ታመምኩ ማለት ጌታን ሐሰተኛ ማድረግ ነው። ሽማግሌውም ያንኑ ይላል። ቱቦው የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ስጦታ አይመለስም አለኝ፣ ጥርሱን እየፋቀ። እሱ መንጋጋው ያመመው ቀን የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋ ሮጦ አስነቅሏል። ያን አልመሰከረም።

ሚያዝያ 11፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ትኩሳት ጀመራት። ጎኗን ይዛ ትቀመጣለች። ሰው ሲገባ ፈገግ ትላለች።

ይህን ፈገግታ አውቀዋለሁ። አልጽፈውም ብዬ ነበር።

ልጻፈው። ባሌ ኡጁሉ የኩላሊት ጠጠር ታሞ ነበር። አንድ ሰሞን ሲሻለው ዳነ ብዬ ቆሜ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ሲመለስበት አፈርኩ። ሰው እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁ። መጽሐፍ አነባለሁ አይደል፤ ውሃ ጠጠሩን ያጥባል ይላል። በጣሳ በጣሳ አጠጣሁት። የሽንቱ መውጫ ተዘግቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተ። ለጠየቀኝ ሁሉ ወባ ነው አልኩ።

በሊ/መንበሩና በሽማግሌው የምትስቀው ሴት ይህች ናት።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ምስክርነት ያለው ሲባል ተነሣሁ። ወባ አልነበረም አልኩ። በሩን፣ ውሃውን፣ ሁሉንም። ማንም አልዘመረም። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። አባንግ ብቻ ናት የጠየቀችኝ።

“የወንድሜ ሚስት፣ ውሃው ይብቃኝ ብሎሽ ነበር?”

“ብሎኝ ነበር።”

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ሚያዝያ 13፣ ጠዋት 5 ሰዓት

አባንግ ሳትነግረኝ ቀበሌ ሄዳለች፣ የአክስቷን ልጅ ተደግፋ። ልጅቷ መጥታ ነገረችኝ። ታምሜአለሁ ብላለች፣ ሰው በሞላበት፣ ጮክ ብላ። ሊ/መንበሩ ፊቷን አየና ማኅተሙን መታ። ለነገ የጭነት መኪና ተገኝቷል። አስታማሚዋ ማን ተብሎ ይጻፍ ሲላት የአክስቷን ልጅ አስጻፈች። ልጅቷ ማንበብ አትችልም። የሆስፒታሉን ወረቀት ልትወስድ ነው የመጣችው።

ከፋኝ። ይክፋኝ።

ውጭ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። በመንገድ ያገኙት ሰው ሁሉ እንዲያነብላቸው ወረቀቱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ በትልልቁ። የመጀመሪያው መስመር አለቀ፦ ይህች ሴት አልዳነችም፤ ቱቦው ይውጣላት።