ቀዩ ጊታር ተስተካክሏል

ወንድሜ ኪትቦክ፣

ሙሽራ ሚስቱ ቤት መግባቱ ወጋችን ነውና ሄጃለሁ። ዓይንህን ጨፍነህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም።

አማቴ «ልጄ፣ የተቀበልነው አማች ነው እንጂ የጊታር ሱቅ አይደለም፤ አንድ ይበቃሃል» ስላሉኝ፣ ክሩ ከአንገቱ ርቆ ጣት የሚቆርጠውን አሮጌውን ወሰድኩ። ሌሎቹ ያንተ ናቸው።

እዚህ ሺሎንግ ዝናብ ሲዘንብ የጊታሮቹ እንጨት ያብጣል፤ ከእርጥቡ ግድግዳ አርቃቸው።

የቀዩን ጊታር ክር ወደ አንገቱ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ዳበስ ስታደርገው ይጮኻል። ከዚህ በታች ከወረደ የአንገቱን ብረቶች ስለሚመታ ብሎኖቹን አትንካ።

የሰርጌ ቀን ከተቆረጠ ወዲህ «ጣቴን አሞኛል» ስለምትል አብረን መጫወት ትተናል። ቅዳሜ እመጣለሁ። ከውጭ ሆኜ የጊታር ድምፅ ካልሰማሁ፣ ያመመህ ጣትህ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ያኔም ቢሆን አንኳኳለሁ። ቁልፌን እዚህ ትቼዋለሁ።

ሼምፋንግ