ትሉ ያልተጠራበት አውጫጭኝ

ይድረስ ለክቡር ቀኛዝማች ፈዬራ፣ የአዋሽ ዳር አትክልት ሹም
አዳማ፣ ታኅሣሥ ፳፰ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰብዎ፣ አሽከሮችዎና በቅሎዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የአዋሽ ዳር አትክልተኞች ከቦዬአችን በቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በባቡር ጣቢያው በር ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በግንባር ቀርቤ ላስረዳ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቼ፣ ሦስቱንም ቀን ምሳ ላይ ነዎት ስለ ተባልሁ ነው።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም። ከሁለት ዓመት በፊት ከወላይታ በበቅሎ ያስመጡትን፣ እንደ ድንች ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላውን የቦዬ ዘር በአትክልት ቦታዎ አራብተው ለሃያ ሰባት ቤት በእጅዎ አደሉን። ያውም ከነአፈሩ! ያለ አፈሩ የተሰጠ ተክል በረከት የለውም ብለው ስለ ነገሩን፣ በቅጠል የተጠቀለለውን ጭቃ ጎንበስ ብለን በሁለት እጃችን ተቀበልን። እማሳችን ውስጥ አራገፍነው፤ የተረፈውንም ለበረከት ብለን በካሮቱና በጎመኑ ሥር በተንነው። ቸርነትዎ ለጎመኑም ተረፈ።

ዘንድሮ በኅዳር ስንቆፍር ያገኘነውን እርስዎም አይተውታል። ቦዬው ኪንታሮት እንደ ወጣበት እጅ ጉጥ ጉጥ ብሏል፣ ልጡ ተሰነጣጥቋል፣ ሲከፍቱት ውስጡ ጠቁሮ ደርቋል። በሬዬ አሽትቶ ትቶታል። ካሮቱም እንደ ዶሮ እግር ተጣምሞ ወጣ። እንግዲህ ቅሬታዬን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፤ ቦዬአችንን ማን እንደ በላው ለማወቅ አውጫጭኝ አስቀመጡን። በዳዩ ካልተጠራ ማንም ቤቱ እንዳይገባ ተብሎ በእሾህ አጥር ውስጥ ሦስት ቀን ዋልን፣ አደርን። የበሬ ሌባ የሚያዝበትን ሕግ ለቦዬ በሽታ ያዋለ ሹም ከእርስዎ በፊት ስለ መኖሩ አልሰማሁም፤ ወደፊትም የሚኖር አይመስለኝም። ሽማግሌው ገርባ መራመድ አቅቶት በቃሬዛ መጥቷል። የአራስ ቤት እንኳ አልቀረም። ሳይጠራ የቀረው ትሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ሰው ሲርበውና ሲበርደው ምስክርነቱ ይቀልለታልና በሦስተኛው ቀን በዳይ ተገኘ። ጎረቤቴ ሰሊማ ናት። ከአርሲ መጥታ እዚህ ባሏን የቀበረች፣ አራት ልጆቿን በዚያች ቁራሽ መሬት የምታሳድግ ሴት ናት። ወንጀሏም የእሷ ቦዬ አለመታመሙ ነው። የሁላችን ታምሞ የእሷ ከዳነ በዓይኗ በልታብናለች ተባለ። ሶደሬ ወርዳ የቦዬ ዘሯን በዘንቢል ፍል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ስትደግምበት አይቻለሁ የሚል ምስክርም ቆመ። እርስዎም ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ቦታዋን ለቅቃ እንድትሄድ ፈረዱ።

ድግምት የተባለው የቁርኣኑ ያሲን ነው፣ ክቡር ሆይ። ሴትዮዋ ሰዓት የላትም። ከምንጩ ዝቅ ብሎ፣ እጅ የውኃውን ትኩሳት ለአፍታ ብቻ ከሚችልበት ቦታ ላይ ዘንቢሉን ትነክራለች፤ ሱራውን አንድ ጊዜ ቀርታ ስትጨርስም ታወጣዋለች። በአጥሩ ውስጥ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ስትጠየቅ፣ «የማላውቀውን አፈር ማሳዬ አላስገባም፤ እንግዳም ቢሆን እግሩን ታጥቦ ነው የሚገባው» አለች። እርስዎ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። አፈሩ የማን እንደ ነበረ ሳስታውስ፣ በቁጣዎ አልፈርድም።

ሦስተኛ፤ እርስዎ ለመመርመር ጊዜ ስላላገኙ እኔ ጉጥ ያለበት ቦዬና ሦስት እፍኝ አፈር ይዤ የባቡሩ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ጉጡን ሰንጥቆ በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ከክር የቀጠነ፣ ነጭ፣ ዓይን የሌለው ትል ነው። ከእኔ ማሳ የወሰድሁት አፈር ውስጥ አለ። ከእርስዎ አትክልት ቦታ ጥግ የዘገንሁት ውስጥ ይርመሰመሳል። ከሰሊማ ማሳ ባመጣሁት ውስጥ ግን ሐኪሙ ፈልጎ አላገኘም። ትሉ በዘሩና በአፈሩ እንደሚዛመት፣ ፍል ውኃውም ዘሩ ውስጥ ያለውን እንደሚገድለው ነገረኝ። እንግዲህ ዓይን የሌለው ትል ለበላው፣ ዓይን ያላት ሴት ትነቀል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ በየዘመኑ አይገኝም።

አራተኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። አምና ወገቤን ታምሜ ሶደሬ ሰንብቼ ነበር፤ ሰሊማ ዘንቢሏን ይዛ ያሲንን ስትቀራ ከአጠገቧ ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሾህ አጥሩ ውስጥ ስሟ ሲጠራ ግን ዝም አልሁ። ቤቴ መግባት ፈለግሁ፤ ገባሁም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በደጄ ስታልፍ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል፤ አፍሬአለሁ። ለዚህ ነው ከዚህ በታች ስሜን ሳልደብቅ የምጽፈው።

ስለዚህ ፍርድዎ እንዲሻር፣ ሰሊማም ከነልጆቿ በቦታዋ እንድትቀመጥ በትሕትና እለምናለሁ። መሬቷን ፈልገውት ከሆነ ደግሞ አህያይቱ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» እንዳለችው ነው፤ ዓይኗን ሳያሙ ይውሰዱት። ለእኛም ሦስት ቀን ከመራብ ይሻለን ነበር።

በአፈርዎ የበለጸግሁ፣ በአጥርዎ ውስጥ የተማርሁ፣ ለክብርዎ እስከ ጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ገብረወልድ፣ የጣቢያው ዕቃ ቤት ጠባቂና የአዋሽ ዳር አትክልተኛ

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ልለጥፍ ስወጣ አሽከርዎ ወዬሳ ከሶደሬ ሲመለስ አገኘሁት። በትእዛዝዎ ሦስት ዘንቢል የቦዬ ዘር ፍል ውኃ ውስጥ ሊነክር ወርዶ ኖሯል። ምን ያህል መቆየት እንዳለበት ስላላወቀ ሰሊማን ከቤቷ አስጠርቶ እንድትቀራለት ለመናት፤ እሷም ልትነቀል ሁለት ሳምንት ቢቀራትም ሄዳ፣ ዘሩ ሲነከር ውኃው ዳር ቆማ ቀራችለት። ስለዚህ ለእርስዎ ዘር የተቀራው ያሲን ይሁን ድግምት ከጥምቀት በፊት ቢያሳውቁን ደስ ይለናል። ያሲን ከሆነ ሴትዮዋ ትቀመጥ፤ ድግምት ከሆነ ግን እርስዎም ዕቃዎን ይጫኑና አብረዋት ይነሡ።