አያ ክንዱ የገዛ ድምፃቸውን እንዳይሰሙ ስለተደረገላቸው ጥበቃ

ጎንደር፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ የሰንበሌጥ ሙዚቃ አሳታሚና አከፋፋይ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ሲዲዎ የተቆለፈ፣ በሽታም ያለ ኮድ የማይገባበት ይሁንልዎ። ፈትሂያ ዐብደላ እባላለሁ፤ በጎንደር ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮፒ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ ኮፒን ለሚጠሉ ሰው መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ሲዲዎን የገዛሁት ኦሪጅናሉን፣ የሚያብረቀርቅ ማኅተም ያለበትን ነውና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፦ አምና ሰዎችዎ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ መጥተው የአባቴን የድሮ ወዳጅ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹን አያ ክንዱን ስለቀረጹልን እናመሰግናለን። «ሲዲው ሲወጣ እናመጣልዎታለን» ብለዋቸው ነበር፤ እስካሁን መንገድ ላይ ይሆናል። አያ ክንዱ ሲዲውን የፈለጉት ለዝና አይደለም። በዘፈኑ ማብቂያ የሞተችባቸውን ባለቤታቸውን፣ ሸዋአየሁን፣ በስም ሊጠሩ አስበው ነበር። እዚያ ሲደርሱ ሳግ ያዛቸውና ጠርተዋት ይሁን ሳይጠሯት ቀርተው ማስታወስ አቃታቸው። ዓመቱን ሙሉ ሲያብሰለስሉ የከረሙት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፦ ሲዲዎ በእኔም ማጫወቻ በጎረቤቴም ማጫወቻ ዝም በማለቱ ጭምትነቱን አደንቃለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ሳስገባው ኮድ ጠየቀኝ፤ ቢሮዎ ደውዬ ተቀበልኩና አያ ክንዱን በአውቶቡስ አስመጣኋቸው። የእርሳቸው ዘፈን ዘጠነኛው ነው። ቀጥታ ወደ እርሳቸው ልዝለል ብል «ምነው ልጄ? የሰው ተራ አልነጥቅም» አሉኝ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰባት ዘፈን አዳመጡ። ስምንተኛው ሲጀምር መብራት ሄደ።

ሦስተኛ፦ መብራቱ ሲመለስ ሲዲዎ እንደማያውቀኝ ሆኖ ኮድ ጠየቀኝ። ያንኑ ቁጥር ብሰጠው እንቢ አለ። ደወልኩ። ሠራተኛዎ፣ ትሕትናዋ ማር ነው፣ እንዲህ አለችኝ፦

«እህቴ፣ ኮዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሊሰማበት ፈልጎ እንደሆነስ?»

«ፈልገዋል እንጂ! ዘፋኙ ራሳቸው ናቸው፤ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠዋል» አልኳት።

«እንግዲያው ከባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያምጡ።»

«የገዛ ድምፃቸውን ለመስማት? ባለመብቱስ ማን ነው?»

«እኛ ነን፣ እህቴ።»

ማመልከቻውን እዚያው ተየብኩት፤ አያ ክንዱ በአውራ ጣታቸው ፈረሙበት፤ በፋክስ ላክሁልዎ። መልሱን ዛሬም እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ጥናት እንደሚያሻው አይጠፋኝም።

አራተኛውን ምስጋና ግን ይቅር ይበሉኝና የምሰጠው ለሌላ ሰው ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አያ ክንዱን ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው «ተይው ልጄ፤ ሳልጠራት ቀርቼ ይሆናል» አሉኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ሳስቀምጣቸው ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። የእርስዎ አልበም ነው! ማኅተም የሌለው፣ ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ከማንም ጋር የሚግባባ ቅጂ።

«ወንድሜ፣ በአላህ ዘጠነኛውን!» ብዬ ጮኽሁ። አያ ክንዱ በዚህ ጊዜ ስለ ተራ አላነሡም።

ሾፌሩ ዘጠነኛውን ከፈተልን። መጨረሻው ላይ ማሲንቆው ቆመ፤ ሳጋቸው ተሰማ፤ ከዚያ ድምፃቸው ጥርት ብሎ «ሸዋአየሁ» አለ።

አያ ክንዱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ጠርቻታለሁ!»

«ማንን ነው አያ?» አለች አንዲት ተሳፋሪ።

«ሚስቴን ነዋ!» አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ዘፈኑን ደገመው። አውቶቡሱ ሲወጣ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙልኝ ነበር።

የመብትዎን አጥር አላህ ያጽናልዎ፤ ቁልፍዎም ከእጅዎ አይጥፋ እያልኩ፣ አንድ ሙሉ ሲዲ ገዝቼ ሰባት ዘፈን ለመስማት የበቃሁ፣

ታማኝ ደንበኛዎ
ፈትሂያ ዐብደላ

ማስታወሻ፦ ሾፌሩን በመፈለግ እንዳይደክሙ፤ ስሙን ሆን ብዬ አልጠየቅሁትም። የሲዲውን ነገር ስነግረው ግን መልእክት ሰድዶልዎታል፦ የእርስዎም ኦሪጅናል ተቆልፎብዎት ከሆነ ባዶ ሲዲ ይዘው ብቅ ቢሉ በደስታ ይገለብጥልዎታል።