የገዛ ወንድሜ የገዛው ጨዋታ

ለተከበራችሁ የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንዴት ነው? እኛ ከወንድሜ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ከሥራ ሲገባ እጁን ታጥቦ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥና፣ ከእናንተ በገዛው የመንደር ግንባታ ጨዋታ ቤት ይሠራ ነበር። አንዱ ቤት የእኔ ነው። የተከራየናት ክፍል መስኮት ስለሌላት፣ የእኔን ቤት ዙሪያውን መስኮት በመስኮት አደረገው። እኔም መቼ ነው የምገባው እያልሁ አበሽቀው ነበር። ጣሪያውን ሳይጨርስ ታሞ ሞተብኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. በድረ ገጻችሁ በሚጫነው ቁልፍ ላይ «ግዛ» የሚል ስለተጻፈ ወንድሜ የገዛ መስሎት ነበር። የተሸጠለት ጨዋታው ሳይሆን እስትንፋሱ እስካለች ድረስ የመጫወት ፈቃድ እንደሆነ፣ እሱም ለቤተሰብ እንደማይተላለፍ በትሕትና ስላስረዳችሁኝ አመሰግናለሁ። ለካ በዚህ ንግድ ገዢዎቹ እናንተ ናችሁ፤ እሱ ተገዢ ነበር።

፪. የጨዋታ አካውንቱን የይለፍ ቃል አውቀው ነበር። ዝም ብዬ ብከፍተው ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እኔ ሞኟ ግን ለሚያውቁት ሁሉ መርዶ ሳደርስ እናንተንም ከሚያውቁት ቆጥሬ ነገርኋችሁ። የጣሪያው ነገርም ስላሳሰበኝ፣ መንደሩን ጠብቁልኝ ብዬ ለመንሁ። እናንተም ከልብ ማዘናችሁን ጻፋችሁልኝና በዚያው መልእክት አካውንቱን መዝጋታችሁን አስታወቃችሁኝ። ባልናገር ኖሮ እናንተ ዘንድ እስከ ዛሬ በሕይወት ነበር።

፫. ጨዋታው ያለ አካውንቱ እንደማይከፈት ስነግራችሁ፣ በራሴ ስም ገዝቼ እንደ አዲስ እንድጀምር መከራችሁኝ። ምክራችሁ ሸጋ ነው። መሬቱስ ይገኛል፤ የሚሠራልኝ ሰው ነው የጠፋው። የገዛ ወንድሜ የሠራልኝን ቤት አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብዬ ባየው፣ አልቅሼ ራሴው እዘጋው ነበር። ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ጣሪያ የሌለው ቤቴን በእናንተ እጅ ትቼ፣ መስኮቶቹን አደራ እያልሁ፣ ጤናና ሰፊ ገበያ የምመኝላችሁ፣

በራፏ የተዘጋባት ልብስ ሰፊ

ይድረስልኝ ያልሁት ተጨማሪ ቃል፦ ትናንት በወንድሜ ኢሜይል «ከጠፉ ቆዩ፤ ናፍቀውናል፤ ይመለሱ» የሚል መልእክት ልካችሁለታል። እኔንም ናፍቆኛል። ከመጣላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።